ሰርቮን አታልሎ ማሽከርከር

ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ፣ ክብደቱ 9 ግራም ብቻ የሆነ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ከጎኑ ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ከአናቱ ብቅ ባለው ጥርሳም ዘንግ ላይ ደግሞ ነጭ የፕላስቲክ ክንፍ ይሰካል። ስሙ ኤስጂ 90 ይባላል። በቻይና የኢንተርኔት ገበያዎች ከ1 እስከ 3 የአሜሪካ ዶላር ይሸጣል። ሮቦት የመሥራት ፍላጎት ያደረበት ተማሪ፣ የትም አገር ይኑር፣ መጀመሪያ እጁ ከሚገቡት ዕቃዎች አንዱ ይኸው ሰርቮ ሞተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ ሰርቮ ሲሠራ ጀምሮ ሙሉ ዙር እንዲዞር የታሰበ አለመሆኑ ነው። ሥራው ግማሽ ዙር ያህል ወዲያና ወዲህ እያለ በታዘዘበት ማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። የሮቦት ጎማ ግን ግማሽ ዙር ሄዶ ከቆመ ምን ይረባል? በዚህም ምክንያት የሮቦት ወዳጆች ለረጅም ዓመታት ሲገለገሉበት የኖሩት አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ሰርቮውን ከፍቶ፣ ውስጡን ነካክቶ፣ ሳያቋርጥ እንዲሽከረከር ማድረግ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ዘዴ ይሆናል።

እኔ በሙያዬ የኤሌክትሮኒክስ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰፈራችን ተማሪዎች ጋር ተቀምጠን ይህን መሰል ነገር እንፈታለን፣ እንገጥማለን። ሰርቮ ሲከፈት ያየ ወላጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ አያጣም፤ "ደህናውን ዕቃ ለምን ታበላሹታላችሁ?" ይለኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዕቃው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ተነግሮ፣ ሳምንታት ተጠብቆ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ እንደነበረ አይመለስም። ስለሆነም ምን እንደምናገኝና ምን እንደምናጣ አስቀድመን ለይተን ማወቅ ይኖርብናል። በእኔ አስተያየት ብዙዎቹ መመሪያዎች የሚያጎድሉት ሁለተኛውን ነው። እንዴት እንደሚቆረጥ በሥዕል ሳይቀር ያሳያሉ፤ የተቆረጠው ነገር ምን ይሠራ እንደነበር ግን አይናገሩም።

ከኋላ ቆሞ "ና! ና!" የሚለው ልጅ

ሰርቮ ሲከፈት አራት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው በልጆች መጫወቻ ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት ትንሽ የዲሲ ሞተር ነው። ሁለተኛው የሞተሩን ፍጥነት ቀንሰው ጉልበት የሚጨምሩለት ባለጥርስ ማርሾች ናቸው። ሦስተኛው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ነው። አራተኛው ፖቴንሽዮሜትር ይባላል፤ በድሮ ሬዲዮ ላይ ድምፅ ለመጨመርና ለመቀነስ የምናዞረው ቁልፍ ከሥሩ ያለው ዕቃ ማለት ነው። ይህ ፖቴንሽዮሜትር ከሰርቮው መውጫ ዘንግ ጋር ተያይዞ አብሮ ይዞራል። ሲዞር የሚያስተላልፈው የቮልቴጅ መጠን ስለሚለወጥ፣ ሰርኪዩቱ ዘንጉ በዚያች ቅጽበት በየትኛው ማዕዘን ላይ እንዳለ ያውቃል።

ነገሩ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ለሚያቆም ሰው እንግዳ አይሆንም። ሹፌሩ ማርሽ ኋላ አስገብቶ እየተጠጋ ነው፤ ከኋላ የቆመው ልጅ "ና! ና! ቁረጠው! መልስ! በቃ!" ይለዋል። ሹፌሩ ፍሬን የሚይዘው የልጁን "በቃ" ሰምቶ ነው። እዚህ ላይ መኪናው ሞተሩ ነው፤ ሹፌሩ ሰርኪዩቱ ነው፤ ፖቴንሽዮሜትሩ ደግሞ ከኋላ የቆመው ልጅ። በሙያው ቋንቋ ይህ ግብረ መልስ ይባላል። ሰርቮን ከተራ ሞተር የሚለየው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የት እንደደረሰ የሚነግረው አለው።

ትዕዛዝ የሚቀበለው በሦስተኛው ሽቦ ነው። ቡናማው ወይም ጥቁሩ ሽቦ ኔጋቲቭ፣ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ብርቱካናማው ደግሞ የትዕዛዝ መስመር ሲሆን፣ ይህ የመጨረሻው በሌሎች ሥሪቶች ላይ ቢጫ ወይም ነጭ ሊሆን ይችላል። በትዕዛዝ መስመሩ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ አንዲት አጭር የኤሌክትሪክ ምት ትላካለች። ቁም ነገሩ ያለው በምቷ ርዝመት ላይ ነው። 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከቆየች ሰርቮው መሐል ላይ ይቆማል፤ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ስታጥር ወደ አንዱ ጎን፣ ወደ 2 ሚሊ ሰከንድ ስትረዝም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ከዚህ በኋላ የምናወራው በማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ 1.5 ሚሊ ሰከንድን 1500 እያልን እንጥራው።

ምቷ በመጣች ቁጥር ሰርኪዩቱ በበኩሉ የራሱን ምት ይፈጥራል። የዚህችኛዋ ርዝመት የሚወሰነው ፖቴንሽዮሜትሩ በሚነግረው ቦታ ነው። ከዚያም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያወዳድራል። የመጣችው ከረዘመች ሞተሩን በአንድ አቅጣጫ፣ ካጠረች በተቃራኒው ይነዳል፤ እኩል ሲሆኑ ያቆማል። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ሞተሩን በቀስታ፣ ሰፋ ሲል በሙሉ ኃይል ይገፋዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ማታለሉ

አሁን ከኋላ የቆመውን ያንን ልጅ አስቡት። መኪናው የትም ይድረስ የት፣ "ገና መሐል ላይ ነህ" እያለ ብቻ እንዲጮህ ብናደርገውስ? ሹፌሩ ካሰበበት መቼም አይደርስም፤ እንደነዳ ይቀራል። ሳያቋርጥ የሚዞር ሰርቮ ማለት ይኸው ነው። ፖቴንሽዮሜትሩን ከመውጫው ዘንግ እናለያየውና መሐል ላይ ገትረን እናስቀረዋለን። ከዚያ በኋላ 1500 ስንልክለት ሰርኪዩቱ "መሐል ሁን ተብያለሁ፣ መሐል ነኝ" ብሎ ይቆማል። 1600 ስንልክለት ትንሽ ወደዚያ እንዲሄድ እንደታዘዘ ተረድቶ ሞተሩን ያዞራል፤ የሚነገረው ግን አሁንም መሐል ላይ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ማዞሩን አያቆምም። 1400 ስንልክለት ያው ነገር በተቃራኒው አቅጣጫ ይደገማል።

በዚህ ዓይነት የማዕዘን ትዕዛዝ የነበረው የአቅጣጫና የፍጥነት ትዕዛዝ ሆኖ አረፈ። ትርፉም ቀላል አይደለም። ተራ የዲሲ ሞተር የገዛ ተማሪ ፍጥነት የሚቀንሱ ማርሾችና ሞተሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚያስነዳ ሌላ ሰርኪዩት ያስፈልገዋል። ተማሪዎች አዘውትረው የሚገዙት ኤል 298 ኤን የተባለው ሞተር መንጃ ደግሞ ከባትሪው 2 ቮልት ያህሉን ራሱ ዘንድ በሙቀት መልክ ያስቀራል። በ6 ቮልት ለሚሠራ ትንሽ ሮቦት ይህ ሲሶ መሆኑ ነው። ከዚያም በላይ ለእያንዳንዱ ሞተር ሁለት ወይም ሦስት የትዕዛዝ ሽቦ ይሻል። ሰርቮ ሲሆን ግን ሞተሩም፣ ማርሹም፣ መንጃውም በአንድ ሳጥን ገብተው፣ የሚጠይቁት አንዲት የትዕዛዝ ሽቦ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ዕቃ መጀመሪያ የተሠራው ለሮቦት አልነበረም። የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ያላቸውን የሞዴል አውሮፕላኖች ክንፍና ጅራት፣ የሞዴል መኪናዎችን መሪ ለማንቀሳቀስ ነበር። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ ሮድኒ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1989 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጄንጊስ የተባለው ባለስድስት እግር ሮቦት የሚራመደው በእነዚሁ የሞዴል አውሮፕላን ሰርቮዎች ነበር፤ ለእያንዳንዱ እግር 2፣ በጠቅላላው 12። ጄንጊስ ግን ባለእግር ስለሆነ ሰርቮዎቹን እንዳሉ ተጠቀመባቸው፤ እግር ሙሉ ዙር መዞር አያስፈልገውም። ማታለሉ የመጣው በጎማ መሄድ ለሚፈልጉት ነው። ፓራላክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለተማሪዎች የሚያቀርበው ቦ-ቦት የተባለ ሮቦት የሚነዳው በሁለት ሳያቋርጡ በሚዞሩ ሰርቮዎች ነው።

ካቻቪቴው ሲነሳ

ሰርቮው ከመከፈቱ በፊት ይሞከር። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። ከተከፈተ በኋላ አልሠራ ካለ ከመጀመሪያውም የማይሠራ ዕቃ ይሁን ወይም በእኛ እጅ ይበላሽ ለማወቅ አይቻልም። በርካሾቹ መካከል ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የሚንቀጠቀጥ አይጠፋም።

ከዚያም ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነሳና ከሥሩ ያሉት ረጃጅም ብሎኖች በትንሽ ካቻቪቴ ይፈታሉ። የላይኛው ክዳን በቀስታ ሲነሳ ማርሾቹ ይታያሉ። ከቦታቸው ከመነሳታቸው በፊት በሞባይል ፎቶ ይነሱ፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ትንንሽ በመሆናቸው የትኛው ከየትኛው በላይ እንደነበር ወዲያው ይረሳል። በላያቸው ላይ ያለው ግራሶም አይጠረግ። ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ በግራሶው ላይ የተጣበቀ አሸዋ ፕላስቲኩን ጥርስ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

መቆረጥ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በመጨረሻው ማርሽ፣ ማለትም የመውጫው ዘንግ ባለበት ማርሽ ላይ የተሠራች ማገጃ ጉብታ ናት። ዘንጉ ከተወሰነለት እንዳያልፍ ከክዳኑ ጋር ተጋጭታ የምታስቆመው እርሷ ናት። በስለታም ምላጭ ተቆርጣ በጥሩ ሞረድ ትስተካከላለች። ቅሪቷ በየዙሩ "ቀጭ" እያለ ከክዳኑ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ ሞተሩ በየዙሩ እየታገለ ከጊዜ በኋላ ጥርሱን ይጨርሳል። ጥርሶቹን ግን መንካት አያስፈልግም።

ሁለተኛው የፖቴንሽዮሜትሩና የመውጫው ዘንግ ግንኙነት ነው። እዚህ ላይ ሥሪቱ ወሳኝነት አለው። በመደበኛ መጠን ከሚሠሩት ሰርቮዎች በአንዳንዶቹ ሁለቱን የሚያያይዝ ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ስላለ እርሱን ነቅሎ ማውጣት ይበቃል። በኤስጂ 90 ላይ ግን የፖቴንሽዮሜትሩ ዘንግ የመጨረሻው ማርሽ የሚያርፍበት ምሰሶም ጭምር ነው። "ፖቴንሽዮሜትሩን አውጥታችሁ ጣሉት" የሚለውን መመሪያ ሰምቶ ከነአካሉ የነቀለ ሰው፣ ማርሹ ከሥሩ የሚደግፈው አጥቶ ሲወላገድ ያየዋል። ስለዚህ ምሰሶው በቦታው ይቅር። መስፋት ያለበት ማርሹ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ ነው። ይህ ቀዳዳ ፖቴንሽዮሜትሩን ይዞ እንዲያዞር አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ተደርጓል። የትንሽ ትራፓኖ ጫፍ በጣት ተይዞ ቀስ እየተባለ ቢዞርበት ጠፍጣፋው ይጠፋና ማርሹ በምሰሶው ዙሪያ ነጻ ሆኖ ይሽከረከራል። ትራፓኖውን በኤሌክትሪክ ማዞር አይመከርም፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ቀዳዳው ከመሐል ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፖቴንሽዮሜትሩን ራሱን መሐል ላይ መገተር ነው። ማርሾቹ ሳይገጠሙ ሰርቮው 1500 እየተላከለት፣ የፖቴንሽዮሜትሩ ዘንግ በፒንሳ ጫፍ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ሞተሩ ጸጥ የሚልባት አንዲት ነጥብ ትገኛለች፤ እዚያው ላይ ጠብታ ትኩስ ኮላ ጣል ይደረግበታል። ሱፐር ግሉ ፈሳሽ ስለሆነ ወደ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ያኔ ፖቴንሽዮሜትሩም ያልቅለታል።

ሁለተኛው መንገድ ሶልደር ማድረግ ለሚችል ሰው ነው፤ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። ከሰርኪዩቱ ወደ ፖቴንሽዮሜትሩ የሚሄዱት ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ተቆርጠው በሁለት እኩል ሬዚስተሮች ላይ ይያያዛሉ። የሁለቱ ሬዚስተሮች መገናኛ ወደ መሐለኛው ሽቦ፣ ሌሎቹ ሁለት ጫፎች ወደ ዳርና ዳር ሽቦዎች ይሄዳሉ። ሰርኪዩቱ ልዩነቱን አያውቅም፤ ለእርሱ መሐል ላይ የቆመ ፖቴንሽዮሜትር ነው። ስንት ኦም ይሁኑ ለሚለው፣ የፖቴንሽዮሜትሩን ሁለት ዳርቻዎች በቴስተር መለካትና ግማሹን መውሰድ ነው። 5 ኪሎ ኦም የሆነው የተለመደ ስለሆነ 2.2 ወይም 2.7 ኪሎ ኦም የሆኑ ጥንዶች ይስማሙታል።

ከመጠናቸው ይልቅ እኩልነታቸው ይበልጣል። በገበያ የሚገኙት ተራ ሬዚስተሮች 5 በመቶ ያህል ከፍና ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። አንዱ 5 በመቶ በልጦ ሌላው 5 በመቶ ቢያንስ መሐል የምንለው ነጥብ መሐል አይሆንም፤ መቆሚያው ከ1500 በብዙ አሥር ማይክሮ ሰከንዶች ይርቃል። ሰርኪዩቱ ደግሞ እንደ እኩል አይቶ የሚያልፈው ልዩነት በትንንሾቹ ሰርቮዎች 10 ማይክሮ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከአንድ እሽግ ውስጥ አሥር ያህሉን በቴስተር ለክቶ በጣም የሚቀራረቡትን ሁለቱን መምረጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

90 ማለት መሐል አይደለም

ሰርቮው ተገጥሞ፣ ከአርዱዪኖ ጋር ተያይዞ፣ "90 ዲግሪ" የሚል ትዕዛዝ ሲላክለት ይቆማል ተብሎ ይጠበቃል። አይቆምም፤ በጣም በዝግታ ይንፏቀቃል። ልጆቹ ሥራቸው እንደተበላሸ አስበው እንደገና ሊከፍቱት ካቻቪቴ የሚያነሱት በዚህ ጊዜ ነው።

ጥፋቱ የቁጥር ነው። የአርዱዪኖ የሰርቮ ላይብረሪ፣ ካልተነገረው በቀር፣ 0 ዲግሪን 544 ማይክሮ ሰከንድ፣ 180 ዲግሪን ደግሞ 2400 አድርጎ ይተረጉማል። የሁለቱ አማካይ 1472 እንጂ 1500 አይደለም። ማዕዘን ላይ ለሚቆም ሰርቮ ይህ የሁለት ሦስት ዲግሪ ጉዳይ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ሳያቋርጥ ለሚዞረው ግን 28 ማይክሮ ሰከንድ "ወደ ኋላ ቀስ ብለህ ሂድ" የሚል ትዕዛዝ ነው። ስለዚህ በዲግሪ ማዘዝ ይቅርና በቀጥታ በማይክሮ ሰከንድ ይታዘዝ፤ ላይብረሪው ለዚህ የተዘጋጀ ትዕዛዝ አለው። ከዚያም ከ1440 ተነስቶ በ5 በ5 እየጨመሩ ሰርቮው የሚቆምበትን መጀመሪያና እንደገና መዞር የሚጀምርበትን ቁጥር መመዝገብ፣ የሁለቱን አማካይ መውሰድ ነው። የዚያ ሰርቮ መቆሚያ ቁጥር ያ ነው፤ የሌላውን አይሆንም።

ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳት ዐረፍተ ነገር አሁን ታስፈልገናለች። ሰርኪዩቱ ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን በቀስታ፣ ሰፋ ሲል በሙሉ ኃይል ይነዳል ብለናል። ይህ "ሰፋ ሲል" የሚባለው ቶሎ ይመጣል። በአብዛኞቹ ሰርቮዎች ከመቆሚያው ቁጥር በ100 ወይም በ200 ማይክሮ ሰከንድ ከራቁ ፍጥነቱ ጣሪያው ላይ ደርሷል። ከ1700 ወደ 2000 ማሳደግ የሚጨምረው ነገር የለም። ፍጥነት መቆጣጠር የሚፈልግ ሰው የሚጫወተው በዚያች ጠባብ ክልል ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ግማሽ ቁጥር ማለት ግማሽ ፍጥነት ማለት አይደለም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምርና ልለፍ። ሁለቱ ሰርቮዎች በሮቦቱ ግራና ቀኝ ጀርባ ለጀርባ ስለሚገጠሙ፣ ወደ ፊት ለመሄድ አንዱ ከመቆሚያው በላይ፣ ሌላው ከመቆሚያው በታች የሆነ ቁጥር መቀበል አለበት፤ ሁለቱም 1700 ከተላከላቸው ሮቦቱ ባለበት ይሾራል። አርዱዪኖ ኡኖን የሚጠቀሙ ደግሞ የሰርቮ ላይብረሪው ሲሠራ በ9ኛውና በ10ኛው እግር ላይ የመብራት ድምቀትም ሆነ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው አገልግሎት እንደሚቋረጥ ይወቁ።

የምናጣው

እስካሁን ያወራነው ስለ ትርፉ ነው። ኪሳራው ምንድን ነው? ከኋላ ቆሞ "በቃ" የሚለውን ልጅ አባርረነዋል። ሰርቮው ከእንግዲህ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሄደ፣ ጭራሽ መዞር መቻል አለመቻሉን እንኳ አያውቅም። ጎማው በድንጋይ ተይዞ ቢቆም ሰርኪዩቱ ሞተሩን መግፋቱን አያቆምም፤ የሚነገረው ያው "መሐል ላይ ነህ" የሚል ቃል ነው።

የዚህን ክብደት በቁጥር እንየው። የኤስጂ 90 ፍጥነት በ4.8 ቮልት ጭነት ሳይኖርበት 60 ዲግሪን በ0.1 ሰከንድ ነው። ሙሉ ዙር በ0.6 ሰከንድ፣ ወይም በደቂቃ 100 ዙር ማለት ነው። ዲያሜትሩ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ብንገጥምለት በሰከንድ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ለትንሽ ሮቦት ጥሩ ፍጥነት ነው። አሁን ከሁለቱ ሰርቮዎች አንዱ ከሌላው በ5 በመቶ ይፍጠን እንበል፤ በዚህ ዋጋ ለሚሸጡ ሞተሮች ይህ የሚያስገርም ልዩነት አይደለም። በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሮቦቱ በየሰከንዱ 9 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ቀጥ ብለህ ሂድ የተባለው ሮቦት በ10 ሰከንድ ውስጥ ወደ ጎን 90 ዲግሪ ዞሮ እናገኘዋለን። ባትሪው ሲደክም ወይም ወለሉ ከሴራሚክ ወደ ምንጣፍ ሲለወጥ ደግሞ ልዩነቱም ይለወጣል። "3 ሰከንድ ሂድ፣ ከዚያ ታጠፍ" በሚል ፕሮግራም ብቻ ሮቦት በትክክል መንዳት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ትርኢት ሊያሳዩ ሳሎን ውስጥ ሲለማመዱ የሰነበቱ ልጆች አዳራሽ ሲገቡ ሮቦታቸው ግድግዳ የሚገጨውም በዚሁ ነው።

መፍትሔው ያባረርነውን ልጅ ሌላ ቦታ ማቆም ነው። ለምሳሌ መሬት ላይ የተሳለ ጥቁር መስመር የሚከተል ሮቦት እነዚህ ሰርቮዎች በጣም ይስማሙታል። ሁለት የኢንፍራሬድ ዳሳሾች መስመሩን እያዩ "ወደ ግራ ወጣህ፣ ወደ ቀኝ ተመለስ" ስለሚሉት አንዱ ጎማ በ5 በመቶ ቢፈጥን ግድ የለም፤ ስህተቱ ሳይጠራቀም ይታረማል። ከግድግዳ የተወሰነ ርቀት ጠብቆ የሚሄድም እንዲሁ። የሄደውን ርቀት መለካት የሚሻ ደግሞ ጎማው ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተከፋፈለ ክብ ወረቀት ለጥፎ ዳሳሹ እንዲቆጥርለት ማድረግ ይችላል። ፓራላክስም ይህንን እጥረት አይቶ ፊድባክ 360 የሚል ሰርቮ አውጥቷል፤ ሙሉ ዙር እየዞረ ያለበትን ማዕዘን በመግነጢስ ዳሳሽ መልሶ ይናገራል። ዋጋው ግን የኤስጂ 90 እጥፍ ድርብ ነው።

በአንጻሩ ትክክለኛ ማዕዘን ለሚፈልግ ሥራ፣ ለምሳሌ ዕቃ ለሚያነሳ የሮቦት ክንድ፣ ይህን ዘዴ ማሰብ የለብንም። አንድ ወቅት ክንድ ሊሠሩ ያሰቡ ወጣቶች "ሙሉ ዙር ቢዞር አይሻልም?" ብለው ሰርቮዎቹን ሊከፍቱ ሲነሱ አስቁሜያቸዋለሁ። ክንዱ በጠየቁት ማዕዘን ላይ አይቆምላቸውም ነበር።

ኤሌክትሪኩ

ሮቦቱ በተነሳ ቁጥር አርዱዪኖው ጠፍቶ እንደገና የሚጀምር ከሆነ የፕሮግራም ችግር ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ መፈለግ አያስፈልግም። ሰርቮ ከቆመበት ሲነሳ ወይም ተይዞ ሲታገል ብዙ መቶ ሚሊ አምፒር ይስባል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲነሱ የአርዱዪኖው የ5 ቮልት መስመር ይወድቃል። ስለዚህ ሰርቮዎቹ የራሳቸው ባትሪ ይኑራቸው፤ አራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ይበቋቸዋል። አራት ማዕዘኗ ባለ9 ቮልት ባትሪ ለዚህ ሥራ አትሆንም፤ ቮልቴጇ ቢበዛም ብዙ ኤሌክትሪክ በአንዴ መስጠት አይሆንላትም፤ ለሰርቮውም ከመጠን በላይ ነው። የባትሪዎቹ ኔጋቲቭና የአርዱዪኖው ኔጋቲቭ ግን የግድ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ ምቷን የሚለካበት የጋራ መነሻ ስለማይኖር ሰርቮው እንደ ሰካራም ይሆናል።

የጉልበቱን ነገርም ማጋነን አይገባም። ኤስጂ 90 እስኪቆም ድረስ ታግሎ የሚያወጣው ጉልበት 1.8 ኪሎ ግራም በሳንቲ ሜትር ነው ይባላል። ሳይሞቅ ለረጅም ጊዜ የሚሠራው ከዚያ በሩብ ገደማ ነው። ጥርሱ ፕላስቲክ ነው፤ የሞተሩ ብሩሾችም አልፎ አልፎ ለመነቃነቅ እንጂ ለሰዓታት ለመሽከርከር የተሠሩ አይደሉም። ከግማሽ ኪሎ ግራም በታች ለሆነ፣ ለትምህርትና ለውድድር ለሚሆን ሮቦት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነው ሌላ ሞተር ይፈለግ።

ልግዛ ወይስ ልሥራ?

ዛሬ ይህን ሁሉ ሳይደክሙ ከፋብሪካው ተስተካክሎ የወጣውን መግዛት ይቻላል። ፊቴክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤፍኤስ 90 አር መጠኑ ከኤስጂ 90 ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ዋጋውም ብዙ አይርቅም። ገዢ መጠንቀቅ ያለበት በስሙ ነው። በኢንተርኔት ገበያ "ባለ360 ዲግሪ ሰርቮ" ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ሳያቋርጥ የሚዞረው ነው፤ በ360 ዲግሪ ውስጥ በፈለጉት ማዕዘን የሚቆም መስሏቸው የሚገዙ ብዙ ናቸው። መልኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ለወላጆች ጥያቄ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ሁለት ሰርቮ ብቻ ላለው ልጅ፣ ነገ ለክንድ ወይም ለመሪ ሊፈልጋቸው ስለሚችል፣ አትክፈቱ እላለሁ። ለቡድን የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ለሮቦቶቹ ተዘጋጅቶ የመጣውን ገዝቶ፣ አንድ ኤስጂ 90 ለመከፈት መመደብ ይሻላል። ያቺ አንዷ በየተራ በሁሉም እጅ ትዙር። ፖቴንሽዮሜትሩን በጣቱ ሲያዞር ሞተሩ ተከትሎ ሲዞርና ሲቆም ያየ የ14 ዓመት ልጅ፣ ግብረ መልስ ምን እንደሆነ በሰሌዳ ላይ መሳል ሳያስፈልገኝ ይገባዋል። ልጆቹ ከሁሉ በላይ የሚወዱትም ማርሾቹ ሳይገጠሙ የሚደረገውን ይህንን ሙከራ ነው፤ ጎማው ሲዞር ከማየት ይልቅ።

ሥራው ሲያልቅ የእያንዳንዱ ሰርቮ መቆሚያ ቁጥር በቁራጭ ፕላስተር ላይ ተጽፎ ሳጥኑ ላይ ይለጠፍ፤ 1487፣ 1512፣ እንደየመጠኑ። ግራና ቀኝም ይጻፍበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮቦቱ ሲፈታ ሁለቱ ሰርቮዎች አንድ ዓይነት ናቸውና ከዚያ ፕላስተር በቀር የሚለያቸው አይኖርም።